የአንባቢን ገንዘብ በልቶ ዘጠኝ ዓመት ያስጠበቀው ሊቅ

የሼክስፒርን ተውኔት በእንግሊዝኛው ጀምራችሁ ሁለት ገጽ ሳትዘልቁ የዘጋችሁት ካላችሁ አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ቋንቋው የገዛ ባለቤቶቹንም አስቸግሯል። ሼክስፒር የሞተው በ1616 ነው። መቶ ዓመት ገና እንደሞላው የለንደን ሰዎች እነዚያን ተውኔቶች አዋቂ ካላብራራላቸው ብዙ ቦታ ላይ ይደናቀፉ ነበር። ቃላቱ አርጅተዋል፣ ቀልዶቹ ትርጉማቸው ጠፍቷል፣ የአታሚዎች ስህተት በስህተት ላይ ተከምሯል። ደራሲው ደግሞ ሥራዎቹን ሰብስቦና አርሞ አላሳተመም፤ በአንድ መጽሐፍ የተሰበሰቡት እሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623 ነው።

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ይህን ቋጠሮ ልፍታ ብሎ የተቀመጠውን ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ሳሙኤል ጆንሰን። አንድ ዓይኑ የማያይ፣ ዕዳ የማይለየው፣ ሰነፍ ነኝ እያለ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው። ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ክርም አለ፤ ቦታው ሲደርስ እንመዘዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን በ1709 ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል መጽሐፍ ሻጭ ነበር። ሕፃኑን የአንገት ዕጢ የሚያሳብጥና የሚያቆስል ክፉ በሽታ ያዘው። ያኔ ደግሞ ይህን በሽታ የነገሥታት እጅ ሲነካው ይድናል ተብሎ ይታመን ነበርና እናቱ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለንደን ድረስ ይዛው ሄደች። ንግሥት አን ዳሰሰችው፤ የወርቅ ሳንቲምም ተሰጠው። ሳንቲሙን እንደ ማተብ ዕድሜ ልኩን ከአንገቱ አላወለቀውም። በሽታው ግን ንግሥቷንም አልሰማ። አንድ ዓይኑ ከማየት፣ አንድ ጆሮው ከመስማት ጎደለ፤ አንገቱ ላይ ጠባሳ ቀረ።

ከሼክስፒር ጋር የተዋወቀው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምድር ቤት ካለው የአባቱ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሐምሌትን ያነባል። የተገደለው ንጉሥ መንፈስ በሌሊት ብቅ ከሚልበት ቦታ ሲደርስ አላስቻለውም፤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ የመንገዱ በር ላይ ቆመ። ሰው ማየት ፈልጎ ነው። ይህን ፍርሃት ያዙልን። ጆንሰን ትልቅ ሊቅ ከሆነ በኋላም ተውኔት የሚያነበው እንደዚያ ልጅ ነበር፤ የሚፈራውን ይፈራል፣ የሚያሳዝነውን መልሶ ማንበብ ያቅተዋል።

በ1728 ኦክስፎርድ ገባ። ገንዘብ ግን የለም። ጫማው ተቀዳዶ እግሩ እየታየ ሲሄድ ያየ አንድ ሰው አዲስ ጫማ ገዝቶ በሩ ላይ አኖረለት። ጆንሰን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንስቶ ወረወረው። በልቶ ያላደረ ኩሩ ማለት እንዲህ ነው። በ13 ወሩ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ፤ ዲግሪ ሳይዝ።

እነሆ ክሩ። ሥራ አጥቶ በርሚንግሃም ወዳጁ ቤት ተጠግቶ ሳለ አንድ የትርጉም ሥራ አገኘ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ነው። ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ቅጂው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አሠራሩ ግን ጉድ ነው፦ እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይናገራል፣ ወዳጁ ሄክተር ከጎኑ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። መጽሐፉ በ1735 ወጣ፤ የተከፈለው አምስት ጊኒ ነው፣ ጊኒ የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ ነው። ሰውየው ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ እንግዲህ ስለ እኛ አገር ነው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ቴቲ እያለ የሚጠራትን ኤልሳቤጥ ፖርተርን አገባ። እሱ 25፣ እሷ 46፤ ባሏ የሞተባት። በእሷ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪ የለም፣ ተዘጋ። ከጥቂቶቹ ተማሪዎች አንዱ ዴቪድ ጋሪክ ይባላል። በ1737 መምህርና ተማሪ ተያይዘው ለንደን ገቡ። ዓመታት አለፉና ተማሪው የእንግሊዝ ዝነኛው ተዋናይ ሆነ፣ የሼክስፒርን ገጸ ባሕርያት መድረክ ላይ ነፍስ የሚዘራባቸው እሱ ሆነ፣ ሀብታምም ሆነ። መምህሩ ለመጽሔት በገጽ እየተከፈለው ይጽፋል። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ጆንሰንን ይቆረቁረው እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ ታዝበዋል።

በ1745 ስለ ማክቤዝ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ማክቤዝ ጠንቋዮች በሚናገሩት ትንቢት ተገፋፍቶ ንጉሡን የሚገድል የጦር ሰው ታሪክ ነው። በጆንሰን ዘመን የተማረው ክፍል በጠንቋይ መሳቅ ጀምሯል፤ የጥንቆላ ሕጉም በ1736 ተሽሯል። ታዲያ ሼክስፒር ይህን ተረት ለምን አመጣው ለሚሉት የጆንሰን መልስ ደራሲን በራሱ ዘመን መዝነው የሚል ነበር። ሼክስፒር ሲጽፍ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ጄምስ ራሱ ስለ ጠንቋዮች መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ ተመልካቹም ያምናል፤ ትዕይንቱ ሲመጣ ሰውነቱ ይሸበራል። አያቶቻችን ቤት ስለ ቡዳና ስለ ዛር እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ብዙ ማስረጃ አይፈልግም። ለለንደን ሊቃውንት ግን ማስታወስ ያስፈልግ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ጆንሰን ሁሉንም ተውኔቶች አዘጋጅቼ ላውጣ ብሎ ማስታወቂያ ነገረ። ወዲያው ቶንሰን የተባለው አሳታሚ የሼክስፒር የማሳተም መብት የእኔ ነው፣ እከሳለሁ አለ። በቃ፣ ዕቅዱ እዚያው ቀረ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ከጆንሰን በፊት ሌሎች ሞክረዋል። በ1725 ተውኔቶቹን ያሳተመው ታላቁ ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ ያልጣመውን መስመር ይህማ የሼክስፒር ሊሆን አይችልም እያለ ከገጹ ግርጌ ይጥለው ነበር። ቀጥሎ ቲዮባልድ የተባለ ትጉህ ሰው መጣና የፖፕን ስህተት አንድ በአንድ አሳየ፤ ፖፕም ብድሩን በግጥም መለሰለት፣ የድንቁርና ንጉሥ አድርጎ ሣለው። ከዚያ ዋርበርተን መጣ፤ ቄስ ነው፣ ብዙ ያነበበ ነው፣ ግን ያልገባውን ቃል ሁሉ የተሳሳተ ነው ብሎ ከራሱ የፈጠረውን ይተካ ነበር። በአጭሩ፣ ሊቃውንቱ ያልገባቸው ቦታ ሲደርሱ የሚያደርጉት ደራሲውን ማረም ነበር።

ጆንሰን በዚህ መሀል ሌላ ሥራ ተዋዋለ፤ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። በ1746 በ1500 ጊኒ ተዋውሎ በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። ለንደን ጎፍ ስኩዌር ከሚገኝ ቤት ጣራ ሥር ስድስት ጸሐፊዎች አስቀምጦ ጀመረ። እሱ መጻሕፍት እያነበበ ቃላቱን ያሰምራል፣ ጸሐፊዎቹ ቃሉን ካለበት ዓረፍተ ነገር ጋር ይገለብጣሉ፣ ከዚያ የቃሉን ፍቺ እሱ ይጽፋል። መዝገበ ቃላቱ ከ42 ሺህ በላይ ቃላት ይዞ በ1755 ወጣ። ለምስክርነት ከጠራቸው ደራስያን ሁሉ አብልጦ የጠራው ሼክስፒርን ነው።

ይህ ሥራ ለተውኔቶቹ ምን ጠቀመ? አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። ሐምሌት መንፈሱን ሊከተል ሲል ጓደኞቹ ይይዙታል፤ እሱም ‹ሌት› የሚያደርገኝን ሰው እገድላለሁ ብሎ ይዝታል። ዛሬ እንግሊዝኛ የጀመረ ልጅ ሁሉ ሌት ማለት መፍቀድ፣ መተው እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ካነበብነው ሐምሌት ልቀቁኝና ልግደላችሁ ያለ ይመስላል! ነገሩ ወዲህ ነው፤ በሼክስፒር ዘመን ቃሉ ማገድ፣ መከልከል የሚል ሌላ ፍቺም ነበረው። የጆንሰን መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይዟል። ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ሲታገል የኖረ ሰው አንድ ነገር ተምሯል፦ የማይገባ ቃል ሁሉ ስህተት አይደለም፤ አንባቢው ረስቶት ሊሆን ይችላል።

ቴቲ መዝገበ ቃላቱን ሳታይ በ1752 ሞተች። ሐዘኑ ጎዳው። ገንዘቡም ለጸሐፊና ለቤት ኪራይ አልቋል። ዝናው በከተማው በናኘ በዓመቱ፣ በመጋቢት 1756፣ ለስድስት ፓውንድ ሁለት ሽልንግ ለጎደለው ዕዳ ተያዘ። ያዳነው ደራሲው ሪቻርድሰን ነው፤ ገንዘብ ልኮ አስለቀቀው።

በዚሁ ዓመት ሰኔ ላይ ነው እንግዲህ የሼክስፒርን ሥራ እንደገና ያወጀው። አሠራሩ ቅድመ ክፍያ ነው፤ አንባቢ ከፊሉን ገንዘብ አሁን ይከፍላል፣ መጽሐፉ ሲወጣ ቀሪውን ይጨምራል። ቀነ ቀጠሮው የ1757 ገና ነበር። ገና መጣ፣ መጽሐፍ የለም። የሚቀጥለውም ገና መጣ፣ ሄደ። ገንዘቡ ግን ተበልቷል። አንዴ የአዲስ ደንበኛ ገንዘብ ይዞለት የመጣ ሰው ስሙን ከከፋዮቹ መዝገብ እንዲያሰፍር ሲጠይቀው፣ ጆንሰን የስም ዝርዝር የማላትምበት ሁለት ምክንያት አለኝ፣ ስሞቹን ሁሉ ጥያለሁ፣ ገንዘቡንም ሁሉ ጨርሻለሁ ብሎ መለሰለት። ቀልድ ይመስላል፤ እውነቱን ነው።

ምን ነካው? ስንፍና ብቻ ብለን እንዳናልፈው፣ ጆንሰን ከወጣትነቱ ጀምሮ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት የሚይዘው ሰው ነበር። አብዳለሁ ብሎ ይፈራል። ሌሊት ብቻውን መሆን ስለማይወድ እስኪነጋ ሰው ይዞ ያወራል፤ ከዚያ እስከ ቀትር ይተኛል። በየፋሲካውና በየልደቱ ከነገ ጀምሮ ማልጄ እነሳለሁ፣ ጊዜዬን አላባክንም እያለ ለፈጣሪው ቃል ይገባል፤ በዓመቱ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። የግል ማስታወሻው በዚህ የተሞላ ነው። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ዕቅድ ለምንጽፍ ሰዎች የቅርብ ዘመድ ነው።

ሲያስፈልገው ግን ይችላል። በጥር 1759 እናቱ ሞተች። ለቀብርና ለዕዳዋ ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራስሴላስ የተባለውን ልብ ወለድ ጽፎ ሰጠ፤ መቶ ፓውንድ አገኘበት። ታሪኩ በአማራ ምድር፣ ተራሮች በከበቡት ሸለቆ ውስጥ ከእህት ወንድሞቹ ጋር ተዘግቶበት ስለሚኖር የአበሻ መስፍን ነው። ሁሉ ተሟልቶለት ተሰላቸ፤ ሾልኮ ወጥቶ ደስተኛ ሰው ፍለጋ ካይሮ ድረስ ሄደ፤ አላገኘም። ነገሥታት ልጆቻቸውን በአምባ ላይ ያስጠብቁ የነበሩበት የአገራችን ወግ በአውሮፓ ተጓዦች በኩል ደርሶት ነው የጻፈው። የመስፍኑም ስም በሎቦ መጽሐፍ ከሚገኘው ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደመጣ ይታመናል። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ እጃችሁ ከገባ አንብቡት።

ሼክስፒር ግን አሁንም የለም። በ1762 ቸርችል የተባለ ገጣሚ ገንዘብ ተቀብሎ መጽሐፍ የማይሰጠውን ሊቅ በአደባባይ ተሳለቀበት፤ ከተማው ሳቀ። በዚያው ዓመት ንጉሡ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ቆረጡለት፤ ከእንግዲህ ለእንጀራ የመጻፍ ግዴታ የለበትም። የቀረው ግዴታ ከፍለው የሚጠብቁት አንባቢዎች ነበሩ። በመጨረሻ በጥቅምት 1765 ስምንት ቅጽ ወጣ። አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ ወዲያው አለቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሁለተኛ ታተመ።

መጽሐፉን ስትገልጡት የመጀመሪያው የሚገርም ነገር የገጹ አቀማመጥ ነው። ከላይ የሼክስፒር ቃል፣ ከታች ማብራሪያ። ማብራሪያው ደግሞ የጆንሰን ብቻ አይደለም፤ ፖፕ ያለው፣ ቲዮባልድ ያለው፣ ዋርበርተን ያለው በየስማቸው ይቀመጥና ከሥር ጆንሰን የራሱን ፍርድ ይሰጣል። የእኛን አንድምታ ለምታውቁ ነገሩ አይጠፋችሁም፦ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው። ልዩነቱ ጆንሰን ሁሉንም አክብሮ አለመተዉ ነው፤ ይኼኛው ልክ ነው፣ ያኛው ሞኝነት ነው ብሎ ይቆርጣል።

ከሁሉ እኛ የወደድንለት በሐምሌት ላይ ያለች አንዲት ማስታወሻ ናት። ሐምሌት በስህተት የገደለው ሽማግሌው አማካሪ ፖሎንየስ በችኮላና በድብቅ ይቀበራል። ንጉሡም በኋላ ተጸጽቶ ሲናገር ‹ሀገር መገር› የምትል ቃል ይጠቀማል። ለእኛ ጆሮ የቤት ሥራ ወሬ ትመስላለች፤ በእንግሊዝኛው ግን በስውር፣ በሹክሹክታ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሏ የመንደር ቃል መሰለች። ለንጉሥ አፍ አትመጥንም ያሉት አሳታሚዎች አውጥተው በግል የሚል ጨዋ ቃል ተኩ። የድሮ መጽሐፍ ስታሳትሙ እልፍኝ የሚለውን አውጥታችሁ ሳሎን እንደማለት ነው። ጆንሰን የድሮዋን ቃል ወደ ቦታዋ መለሳት። የተሻለች ናት ብሎ አልተከራከረም፤ የሼክስፒር መሆኗ ይበቃል አለ። ቃል ባረጀ ቁጥር የምንቀይረው ከሆነ የቋንቋው ታሪክ ይጠፋል፣ የማንኛውም ደራሲ ቃል አይተርፈንም፣ ቀያሪውም ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ቀስ በቀስ ሐሳቡም ይጠፋል ሲል አስጠነቀቀ።

ስለ ፖሎንየስም የጻፈው አለ። መድረክ ላይ ሰውየው ማሳቂያ ነበር፤ የሚዘላብድ ሽማግሌ። ጆንሰን ልብ ብላችሁ እዩት ይላል። ይህ ሰው ቤተ መንግሥት ያደገ፣ ብዙ ያየ፣ አንድ ጊዜ በእርግጥ አዋቂ የነበረ ነው፤ አሁን ግን እርጅና አእምሮውን እየበላው ነው። ያጠራቀመውን ሲያስታውስ ምክሩ ወርቅ ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣበት ይጠፋበታል። እንዲህ ያለ አያት ወይም አጎት ቤታችሁ ካለ ፖሎንየስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያስቃችሁም።

የሐምሌትን ዝነኛ ንግግር፣ መኖር ወይስ አለመኖር የሚለውን፣ ብዙዎቻችን በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው የምናውቀው። ራሴን ላጥፋ ወይስ ልኑር የሚል ጥያቄ አድርገን እንሰማዋለን። ጆንሰን ግን ሌላ አነበበበት፤ ሐምሌት የሚጠይቀው ከዚህ ሕይወት በኋላ እንኖራለን ወይስ አንኖርም የሚለውን ነው፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ለመወሰን አስቀድሞ ይህን ማወቅ አለበትና አለ። ሐሳቡ ከአፉ ይልቅ በልቡ የተያያዘ ነው ብሎ የእያንዳንዱን መስመር ተራ አስቀመጠ። ከእሱ በኋላ በ1790 ተውኔቶቹን ያሳተመው ማሎን ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው፣ ጥያቄው የመሞትና ያለመሞት ብቻ ነው አለ። እኛ ከማሎን ጋር ነን። ግን የጆንሰንን ማስታወሻ ስታነቡ ሞትን ዕድሜ ልኩን ሲፈራ የኖረ ሰው ምን ብሎ እንደሚያነብ ታያላችሁ፤ ለእሱ ከሞት በኋላ ያለው ነገር ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ሌላም የማንስማማበት አለ። ሼክስፒር በቃላት መጫወት ይወዳል፤ አንዱን ቃል በሁለት ፍቺ ያገላብጠዋል። ጆንሰን ይህን አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ ለአንዲት የቃላት ጨዋታ ሲል ቁምነገሩን ይጥላል ብሎ ይወቅሰዋል። ሰምና ወርቅ ሲፈታ እያጨበጨብን ላደግን ሰዎች ይህ ወቀሳ ከባድ ነው። ጆንሰን ጎንደር የቅኔ ቤት ደጅ ላይ ጥቂት ቢቆይ ጥሩ ነበር።

ወደ ኪንግ ሊር እንምጣ። ሽማግሌው ንጉሥ መንግሥቱን ለሚያሞግሱት ልጆቹ አከፋፍሎ፣ እውነቱን የነገረችውን ትንሿን ኮርዴልያን ያባርራል። በመጨረሻ እሷው ልታድነው መጥታ ትገደላለች፤ አባት ሬሳዋን ታቅፎ ይገባል። ይህን ፍጻሜ የእንግሊዝ ሕዝብ መቋቋም አልቻለም። ከ1681 ጀምሮ ቴት የተባለ ጸሐፊ ኮርዴልያ በሕይወት የምትተርፍበትና የምትዳርበት አዲስ መጨረሻ ሠራ፤ መድረክ ላይ የሚታየው ከመቶ ዓመት በላይ ይኸው ነበር።

ጆንሰን በዚህ ላይ የጻፈው ነው ሰውየውን የሚያሳየን። ከብዙ ዓመታት በፊት አንብቦ የኮርዴልያ ሞት እጅግ ስላስደነገጠው፣ አዘጋጅ ሆኖ ማረም ግድ እስኪሆንበት ድረስ የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች ዳግም ማንበብ እንዳልቻለ ተናገረ። ሕዝቡም ለኮርዴልያ በመፍረዱ አልኮነነም፤ የእሱም ልብ እዚያው ነበር። በኦቴሎም እንዲሁ ነው፤ የዴዝዴሞናን መገደል አርሞ በመጨረሱ እፎይ ማለቱን አልደበቀም። ያም ሆኖ እጁ አልተንቀሳቀሰም። ኮርዴልያን ቢያድናት የሚያጨበጭብለት አገር ሙሉ ሰው ነበር። እሱ ግን ሼክስፒር እንደጻፈው አሳተማት፤ ሞተች። ፖፕ ላልወደደው መስመር ያደረገውን፣ ዋርበርተን ላልገባው ቃል ያደረገውን፣ ጆንሰን ማንበብ ላቃተው ትዕይንት አላደረገም።

በመግቢያው ላይ ስለ ጊዜና ቦታም ተከራክሯል። የዘመኑ ሊቃውንት ተውኔት በአንድ ቦታና በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፣ አለዚያ ተመልካቹ አያምንም ይሉ ነበር። ጆንሰን ተመልካቹ ሞኝ አይደለም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቴአትር ቤት መቀመጡን ያውቃል፣ መድረኩን አንዴ እስክንድርያ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ቀጥሎ ሮም ነው ቢሉት ምን ይከብደዋል አለ። ክርክሩ እንደዚህ በቀላል ነገር ሲፈርስ ደስ ይላል።

እዚያው መግቢያ ላይ ለአንባቢ የሰጠው ምክር ዛሬ ስልካችሁ ላይ በየቃሉ ጉግል ለምታደርጉት ነው። የሼክስፒርን ኃይል የማታውቅ ከሆንክ መጀመሪያ ከጥግ እስከ ጥግ ዝም ብለህ አንብብ፣ የማይገባህን እለፈው፣ ማብራሪያ አትይ፤ ታሪኩ ከያዘህ በኋላ ተመለስና ቃል በቃል መርምር አለ። ስምንት ቅጽ ማብራሪያ የጻፈ ሰው ማብራሪያዬን ለጊዜው ተዉት ሲል አስቡት! በብዙ ቦታም እንደ ሌሎቹ ሞክሬ አልተሳካልኝም፣ አልገባኝም ብሎ በግልጽ ጻፈ።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ኬንሪክ የተባለ ሃያሲ በዚያው ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ዘለፈው፤ ጆንሰን መልስ አልሰጠም። የድሮዎቹን ቅጂዎች ሁሉ አመሳክራለሁ ብሎ የገባውን ቃል በደንብ አለመጠበቁም እውነት ነው፤ ያን ሥራ በትዕግሥት የሠራው በኋላ የመጣው ማሎን ነው። ጋሪክም ተቀየመ። የቆዩ የተውኔት እትሞችን የሰበሰበው እሱ ሆኖ ሳለ ጆንሰን በመግቢያው ላይ ሰብሳቢዎች ለማዋስ እንደማይፈቅዱ ሸንቆጥ አድርጎ አለፈ፤ የጋሪክን ትወናም አንድ ቃል አላነሳም። ያን ያህል ዓመት አብሮ የኖረ ቅናት ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ 19 ዓመት ኖረ። ቦዝዌል የተባለ ወጣት ስኮትላንዳዊ እየተከተለ ንግግሩን ይመዘግብ ነበርና ሰውየውን ዛሬ እንደ ጎረቤት እናውቀዋለን። ቤቱ መጠጊያ ባጡ ሰዎች የተሞላ ነበር። ከእነሱ አንዱ ፍራንሲስ ባርበር ነው፤ ጃማይካ ውስጥ በባርነት የተወለደ፣ ልጅ ሳለ ቴቲ እንደሞተች ሰሞን ጆንሰን ቤት የገባ። ጆንሰን አስተማረው፤ ሲሞትም ለዘመድ ሳይሆን ለእሱ አብዛኛውን ንብረቱን አወረሰ። አንዳንድ ወዳጆቹ በዚህ ተናደዋል።

በታኅሣሥ 1784፣ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐኪሙ ብሮክልስቢ ጠዋት ሊጠይቀው ገባ። ሌሊቱን ሲጨነቅ አድሯል። ድንገት ከማክቤዝ ውስጥ ንጉሡ ሐኪሙን የሚጠይቅበትን ቦታ በቃሉ ይለው ጀመር፤ ለታመመ አእምሮ መድኃኒት የለህም ወይ፣ ሥር የሰደደ ሐዘን ነቅለህ ማውጣት አትችልም ወይ የሚለውን። ብሮክልስቢም የተውኔቱ ሐኪም የሚመልሰውን መለሰለት፤ ለዚህስ በሽተኛው ራሱን ማከም አለበት የሚለውን። ጆንሰን በመልሱ ደስ አለው።

ታኅሣሥ 13 ቀን ሞተ፤ ዕድሜው 75 ነበር። ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከተቀበረው ከተማሪው ከጋሪክ አጠገብ፣ በሼክስፒር ሐውልት እግር ሥር ቀበሩት።